የኪዳነ ምሕረት ዕለት የተቆፈረ አፈር

ኢንጂነር ዘሚካኤል የካቲት አሥራ ሰባት ቀን ጧት ሞቶ የተገኘው ራሱ ለክቶ ራሱ ባስቆፈረው ትሬንች ውስጥ ነበር። ትሬንች የሚሉት በተራራ ወገብ ላይ በአግድም የሚቆፈር፣ የክረምቱን ጎርፍ ይዞ ወደ መሬት የሚያሰርግ ረጅም ጉድጓድ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የመቐለን ዙሪያ ተራሮች በዚህ ጉድጓድ ሲያስሸነሽን የኖረ ሰው በመጨረሻ አንዱ ለራሱ ዋለ። በግንባሩ ተደፍቷል፤ ማጅራቱን ተመትቷል፤ እስከ ወገቡ አፈር ተጭኖበታል። አጠገቡ አንድ ዶማ ወድቋል።

ኢንስፔክተር ሀፊሳ ከቃላሚኖ ማዶ ያለውን የእምባ ጽላል ተራራ ዳገት ስትወጣ ጾመኛ ነበረች። ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተገጣጥመው የከተማው ሰው ሁሉ ሆዱም ትዕግሥቱም ባዶ ሆኗል። የእሷ ትዕግሥትማ ከጾሙ በፊትም እምብዛም ነበር። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ሚጥሚጣዋ» ይሏታል፤ ታውቃለች፣ አትጠላውምም።

ኮማንደር ፍትዊ ትሬንቹ ዳር ቆሞ ጠበቃት። ነገሩ ያለቀለት ነው አላት። ዶማው የወሎው ግንበኛ የሳሊህ ነው፣ ስሙ እጀታው ላይ በእሳት ተጽፏል፣ ሰውየውም ተይዞ ፒካፕ መኪናው ላይ ተቀምጧል። ስምንት ሰዓት ላይ የጸጥታ ሰዎች መጥተው ይረከቡታል።

«የጸጥታ ሰዎችን ከግድያ ጋር ምን አገናኛቸው?» አለች ሀፊሳ።

ፍትዊ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰላይ ነው ይባላል። የምሽጉን ቦታ ወደ ውጭ ሲያቀብል ኢንጂነሩ ደረሰበት። በቃ።»

«የምን ምሽግ? ይህ የውሃ ጉድጓድ ነው።»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሀፊሳ። ሁኔታው እንደምታዪው ነው።»

ፍትዊ ክፉ ሰው አይደለም፤ ደካማ ነው። ሀፊሳን ደግሞ ከክፉ ይልቅ ደካማ ያበሽቃታል።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። መንግሥታት ጥርስ መነካከስ ከጀመሩ ወዲህ፣ ከመሃል አገርም ከድንበር ማዶም የጦርነት ወሬ በነፈሰ ቁጥር፣ መጀመሪያ የሚመታው ተራራውና ውሃው ሆኗል። ከሰማይ የተነሣ አንድ ፎቶ የትሬንቾቹን መስመር ምሽግ አስመሰለው። ያንን ያየ የውጭ ረጂ እጁን ሰበሰበ። የዝናብ መለኪያው መሣሪያ ለውጊያ ይውላል ተብሎ ጉምሩክ ላይ ቀረ። የተፈጥሮ ሀብት ጽሕፈት ቤቱ ለአሥር ዓመት ያወጣው ዕቅድ ሁኔታው እስኪረጋጋ ተብሎ መሳቢያ ገባ። ሀፊሳ «ሁኔታው» የምትለዋን ቃል ስትሰማ ደሟ ይፈላል። ሁኔታው የሚባል ሰው የለም፤ የሚፈርሙትና የሚከለክሉት ስምና ወንበር ያላቸው ሰዎች ናቸው። ከተራሮቹ ሁሉ ዘንድሮ እንዲቆፈር የተፈቀደው እምባ ጽላል ብቻ ነበር። ለምን እሱ ብቻ ተፈቀደ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ትሬንቹ ዳር ቁጢጥ ብላ ተመለከተች። ተማሪ ሳለች በነጻ ጉልበት ዘመቻ ቆፍራለችና ሥርዓቱን ታውቀዋለች። ከትሬንች የሚወጣው አፈር ሁልጊዜ ወደ ቁልቁለቱ በኩል ይከመራል፤ ከዚያ በድንጋይ ይለበጥና እርከን ይሆናል። አሁን እርከኑ አልተነካም፤ አንድ ድንጋይ እንኳ አልተነቃነቀም። ሬሳው ላይ የተጫነው አፈር የመጣው ከላይኛው የትሬንቹ ከንፈር ነው። የበጋ ፀሐይ እንደ ሸክላ ያደረቀው መሬት በዶማ ተፈልጦ፣ ተገምሶ፣ ወደ ታች ተገፍቷል። ቢያንስ የአንድ ሰዓት ልፋት ነው። ይህን ያደረገ ሰው ምን ነካው አለች በሆዷ፣ ተነሥታም ወደ መኪናው ሄደች።

ሳሊህ አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ከወሎ መጥቶ ለአሥራ አንድ ዓመት የእነዚህን ተራሮች እርከን ሲደረድር የኖረ ሰው ነው። እጁ በካቴና ታስሯል። ዶማውን ከበዓሉ በፊት እንደ ሰው ሁሉ አስረክቦ ወደ ከተማ እንደወረደ፣ ትናንት የኪዳነ ምሕረት ዕለት ደግሞ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ካለው ኪራይ ቤቱ ሳይወጣ እንደዋለ ነገራት። ማን አየህ ስትለው ሳቅ የመሰለ ነገር ፊቱ ላይ መጣና ጠፋ።

«ተኝቶ የሚውል ጾመኛን ማን ያያል፣ እታለም? ወላሂ ዘሚካኤልን አልነካሁትም። የመጀመሪያውን እርከን ያስደረደረኝ እሱ ነው።» ካቴናውን አነሣ። «ለእነዚያ ሰዎች ከሰጣችሁኝ ልጆቼ ሬሳዬን እንኳ አያገኙም። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ።»

ታውቃለች። የእሷም አባት ከወሎ ጨርቅ ተሸክሞ መጥቶ መቐለ የቀረ ነጋዴ ነበር። ሠላሳ ዓመት ከኖረበት ሰፈር፣ ክፉ ቀን በመጣ ቁጥር፣ አንዱ ወገን «አገርህ የት ነው?» ይለዋል፤ ወደ ወላጆቹ ሲሄድ ደግሞ ሌላው ወገን ያንኑ ይጠይቀዋል። መልሱን ሳያገኝ ሞተ። ሰዓቷን አየች፤ ሦስት ተኩል ነው። አራት ሰዓት ተኩል ቀርቷታል።

የሟቹ የሥራ ባልደረቦች ሦስት ናቸው። ካርታ የምትሠራው ፍሬወይኒ ዓይኗ እስኪያብጥ አልቅሳ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ተቀምጣለች። ትናንት ከንጋት ጀምሮ ከእናቷ ጋር ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ሌላው ነገር ግን እንደ እሾህ አንድ በአንድ ነው ከአፏ የወጣው።

ዘሚካኤል ባለፈው ሳምንት አንድ ስብሰባ ላይ የራሱን ካርታ ሰው እጅ ላይ አየው። መስመሩ ያው፣ ቁጥሩ ያው። የተቀየረው ጽሑፉ ብቻ ነው። «ውሃ ማስረጊያ» የሚለው ሁሉ ተፍቆ «የመከላከያ ምሽግ» ተብሏል።

«ማን ቀየረው?» አለች ሀፊሳ።

«ኮምፒዩተሩ የጋራ ነው። የይለፍ ቃሉም ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ ሓፍተይ፣ እህቴ።» ፍሬወይኒ አንገቷን ደፋች። «ትናንት እኩለ ቀን ላይ ደወለልኝ። ‹ነገ ጧት ሰዉ ሥራ ሳይጀምር እነግራቸዋለሁ፤ ውሃ እየቆፈራችሁ ዒላማ ላይ ቆማችኋል እላቸዋለሁ› አለኝ። ለነገ ሥራ ምልክት ሊያደርግ ብቻውን ወደ ተራራው እየወጣ ነበር።»

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ፈራሁ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ላገኘኋቸው ነገርኩ። ለሕሉፍና ለአለቃችን ለኣባዲ።»

ሕሉፍ የጽሕፈት ቤቱ ሾፌር ነው። ነዳጅ ከጠፋ ጀምሮ ግን መኪናው ቆሞ እሱ ከሠራተኛው ጋር ዶማ ይዟል። ወንድሙን በጦርነቱ ከሰማይ በመጣ ነገር አጥቷል። ከዘሚካኤል ጋር ባለፈው ሳምንት ሰው ፊት እንደተጣላ ሳይጠየቅ ተናገረ።

«ከሰማይ የሚታይ ነገር አትቆፍር፣ የታየ ሁሉ ይመታል አልኩት። እሱ ደግሞ ውሃ ነው፣ ማን ውሃ ይመታል አለኝ። አሁን ማን ልክ እንደነበረ እይ እንግዲህ።» ከቅዳሴ በኋላ ማኅበር ቤት ጠላ ጠጥቶ እንደተኛ ነገራት። ምስክሮቹም እንደ እሱ ጠጥተው የተኙ ነበሩ።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ የኣባዲ ቢሮ ግድግዳ በፎቶ ተሸፍኗል። በሁሉም ፎቶ ላይ ኣባዲ ዶማ አንሥቷል፤ በሁሉም ላይ ሸሚዙ ነጭ ነው። ወደዚህ ወንበር የመጣው ከሕዝብ ግንኙነት ክፍል ነው። ሀፊሳን ሲያይ ተነሥቶ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ጾመኛ ነዎት ብዬ ነው እጅ የማልጨብጠው አለ በትሕትና። ሀፊሳ በዚህ ከተማ ስትኖር ይህን ያሰበላት የመጀመሪያው ሰው መሆኑ ገርሟት ተቀመጠች።

ሐዘኑ ልክ ነበር፣ ቃላቱም የተመረጡ ነበሩ። የአካባቢ ጥበቃ ሥራ በዚህ ክፉ ጊዜ ምን ያህል መሥዋዕትነት እንደሚጠይቅ በሰፊው ከነገራት በኋላ ሳሊህ ላይ ደረሰ።

«ኢንስፔክተር፣ በሃይማኖት አያስቀይምዎትና እውነቱን ልናገር። እኛ ትናንት ኪዳነ ምሕረትን ስናነግሥ ለሳሊህ የሥራ ቀን ነው። ዶማውን ይዞ ወጥቷል፤ ኢንጂነሩ ብቻውን ሲመጣ አገኘው። በበዓል ቀን አፈር የሚነካ ሌላ ማን አለ?»

«ሲወጣ አይተውታል?»

«ማየት ምን ያስፈልጋል? የታወቀ ነው።»

«እርስዎስ ከሰዉ ጋር ይቆፍራሉ?»

«አሥራ አምስት ቀን ሙሉ! ዘመቻው ከተጀመረ አንድ ቀን አልቀረሁም።»

«ያ እርከን ታዲያ ግሩም ነው» አለች ሀፊሳ፣ ወደ አንዱ ፎቶ እያየች። «ጎርፍ አያፈርሰውም?»

«በፍጹም። ጥርብ ግንብ ማለት ነው፤ ውስጡ ድረስ ድንጋይ ነው።»

ሀፊሳ አመስግና ወጣች። ስትወጣ ከንፈሯን ነክሳ ነበር፤ ከቁጣ ይሁን ከደስታ ራሷም አልለየችውም።

በመጨረሻ ያነጋገረችው ተራራው ሥር ባለችው መንደር የሚኖሩትን፣ ሰዉ ሁሉ ኣደይ፣ እናቴ፣ የሚላቸውን ባልቴት፣ ኣደይ ኡሙሰልማን ነበር። የመንደሩ መሣሪያ መጋዘን ከቤታቸው ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሀፊሳ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብላ፣ የበዓል ቀን መጋዘኑ በማን እጅ እንደሆነ ጠየቀች። ኣደይ ኡሙሰልማ ጥያቄው ሞኝ ጥያቄ መሰላቸው።

«በእኔ እጅ ነዋ፣ ጓለይ፣ ልጄ። የክርስቲያን በዓል ሲሆን ቁልፉ እስላም ቤት ያድራል። የእኛ ዒድ ሲሆን ደግሞ ክርስቲያን ቤት። አንዱ የሌላውን በዓል ይጠብቃል፤ ስሪታችን፣ የመንደሩ ደንብ፣ ነው። በበዓል አፈር ከተነካ በረዶ ይወርዳል፣ በረዶ ደግሞ የማንን ማሳ እንደሚመታ አይጠይቅም።»

«ሳሊህ ዶማውን አስረክቧል?»

«በዋዜማው፣ በእጄ። ስሙ ያለበትን እኔው ነኝ ጥግ ያቆምኩት። ቁልፉ ከአንገቴ አልወረደም።»

«ሌላ ቁልፍ የለም?»

አሮጊቷ ወደ መጋዘኑ ጠቆሙ። መጋዘኑን የሠራው ጽሕፈት ቤቱ ነበርና አንድ ቁልፍ እዚያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል አሉ። ሊሠራበት የመጣ ሰው ግን እስካሁን አላዩም። ትናንት እሳቸውም ከእኩለ ቀን በኋላ ለጥቂት ሰዓት ወደ መስጊድ ወርደው ነበር።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሀፊሳ ሁሉንም ትሬንቹ ዳር ሰበሰበች። ፍትዊ አለ፤ ሦስቱ ባልደረቦች አሉ፤ ሳሊህ ከነካቴናው አለ። ሬሳው ተነሥቷል። ከእርከኑ በታች ለዘመቻው የወጡ አራት መቶ የሚሆኑ ሰዎች ሥራ ተከልክለው ቁጭ ብለዋል። ፍትዊ ሕዝቡ ይበተን አለ። እሷ አይበተንም ብላ ትሬንቹ ጫፍ ላይ ቆመች።

«ሳሊህ የተጠረጠረው በሁለት ነገር ነው» ብላ ጀመረች። «በዶማውና በበዓሉ። ዶማው በዋዜማው መጋዘን ገብቷል። መጋዘኑ አልተሰበረም፤ ስለዚህ በቁልፍ ተከፍቷል። አንዱ ቁልፍ ኣደይ ኡሙሰልማ አንገት ላይ ነበር። ሁለተኛው የእናንተ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ። ሳሊህ ጽሕፈት ቤታችሁ ገብቶ አያውቅም፤ እናንተ ሦስታችሁ ግን በየቀኑ በቁልፉ ሥር ታልፋላችሁ።»

ፍሬወይኒና ሕሉፍ ተያዩ። ኣባዲ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ።

«ገዳዩ ያንን ዶማ የመረጠው ስሙን አይቶ ነው። በኪዳነ ምሕረት የሚቆፍር እስላም ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሁሉም ያምነኛል ብሎ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ግን ይህን የሚያስብ ሰው ከዚህ መንደር ጋር አንድ በዓል እንኳ አላሳለፈም። እዚህ የማርያምን በዓል ቁልፍ የሚጠብቀው እስላሙ ነው። ፍሬወይኒ፣ ይህን ታውቂ ነበር?»

«በየዋዜማው ኣደይ ኡሙሰልማ ቤት ሻይ እንጠጣለን» አለች ፍሬወይኒ በቀስታ። ሕሉፍም ራሱን ነቀነቀ።

«እሺ። አሁን ወደ አፈሩ።» ሀፊሳ ወደ ሕሉፍ ዞረች። «ይህን ትሬንች ቶሎ ድፈን ብልህ አፈር ከየት ታመጣለህ?»

ሕሉፍ ሳያመነታ ሁለት ድንጋይ ከእርከኑ ላይ በእግሩ ገፋ። ከሥራቸው ልስልስ አፈር እንደ ጤፍ እየፈሰሰ ትሬንቹ ውስጥ ገባ።

«አያችሁ? ድንጋዩ ልባስ ነው፤ ውስጡ አፈር ነው። አንድ ቀን የቆፈረ ሁሉ ያውቀዋል፣ ምክንያቱም ራሱ የከመረው ነው። ገዳዩ ሳሊህ ሬሳውን ሊቀብር ጀምሮ የሸሸ ሊያስመስል ፈለገ። ግን ይህን ሁሉ ልስልስ አፈር እግሩ ሥር እያለለት ደረቁን መሬት አንድ ሰዓት ፈለጠ። ለምን? እርከኑ ውስጡ ድረስ ድንጋይ መሰለው። ይህን ዛሬ ጧት በአፉ የነገረኝ አንድ ሰው ነው።»

ኣባዲ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ኢንስፔክተር፣ በአንድ ቃል ሰው አይከሰስም።»

«ልክ ነዎት። እጅዎን ያሳዩኝ።»

አልዘረጋም። ሀፊሳ ቀርባ ቀኝ እጁን ያዘችና መዳፉን ወደ ሰዉ ገለበጠችው። ከጣቶቹ ሥር ሦስት ቦታ ውሃ ቋጥሮ ፈንድቷል፤ ሥጋው ገና ቀይ ነው።

«በዘመቻው ነው» አለ ኣባዲ። «ስቆፍር።»

«አሥራ አምስት ቀን የቆፈረ እጅ ውሃ አይቋጥርም፤ ይጠጥራል። ፍሬወይኒ፣ ሕሉፍ፣ አሳዩ።» የሁለቱም መዳፍ እንደ ቆዳ ጠጥሮ ነበር። ሀፊሳ ወደ ታች ወደ ሕዝቡ ዞራ ጮክ አለች። «ይህ ሰው ፎቶ ከተነሣ በኋላ ዶማ ይዞ ያየው አለ?»

 ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀች፤ ሳቁም ከአንዱ ወደ ሌላው ተዛምቶ ተራራውን ሞላው። ከሁሉም ማስረጃ ይልቅ ኣባዲን የሰበረው ይህ ሳቅ ነበር። ፊቱ ተለዋወጠ፣ የተመረጡት ቃላትም ጠፉት።

«ትስቃላችሁ! ማን ይህን ተራራ ያስፈቀደላችሁ ይመስላችኋል?» አለ ወደ ሕዝቡ ዞሮ። «ስንት ደብዳቤ ጻፍኩ። ለደን ስል ማንም አልሰማኝም፤ ለውሃ ስል ሁኔታው ይረጋጋ አሉኝ። ምሽግ ነው ስል ግን በአንድ ቀን ፈቃድ መጣ! አንድ ቃል ነው የቀየርኩት፤ ጉድጓዱ ያው ጉድጓድ ነው። እሱ ግን ሊያፈርሰው ነበር። እዚህ መጥቼ ለመንኩት፣ ጀርባውን ሰጠኝ...»

«ልትለምን ነው የሰው ዶማ ከመጋዘን ይዘህ የወጣኸው?» አለች ሀፊሳ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ እርስዎ አላለችውም። «ፈቃድ አገኘህ፣ ልክ ነህ። በአራት መቶ ሰው ነፍስ ነው ያገኘኸው። ከላይ ዒላማ ሣልክባቸው፣ ከታች አሰለፍካቸው፣ መሃል ገብተህ ፎቶ ተነሣህ። ሊነግራቸው የወጣውን ገደልክ። ለዚያም አንድ ድሃ ልታሳርድ ነበር።»

ካቴናው ከሳሊህ እጅ ተፈትቶ ኣባዲ እጅ ላይ ገባ። የጸጥታ ሰዎቹ መኪና ስምንት ሰዓት ላይ ሲደርስ የሚረከቡት ሰላይ አልነበረም። ሳሊህ የተፈታ እጁን እያሻሸ አፈሩ ላይ ተቀመጠ፣ ለረጅም ጊዜም አልተነሣም።

ፍትዊ ሀፊሳን ወደ ጎን ወሰዳት። «ግሩም ሥራ ነው። ግን ስለ ካርታው ለሕዝቡ አንድ ተጨማሪ ቃል እንዳይወጣሽ። ወረቀቱ ወጥቷል፣ የት እንደደረሰ እኔም አንቺም አናውቅም። ይህ ከእኛ በላይ ነው።»

«የሞተው እኮ ይህን ሊናገር ነው፣ ኮማንደር።»

«ብትናገሪ አላድንሽም።»

«መቼ አድነውኝ ያውቃሉ?»

እርከኑ ላይ ወጣች። በትግርኛም በአማርኛም ነገረቻቸው፤ ካርታው ምን እንደሚል፣ ማን እጅ እንደገባ እንደማይታወቅ፣ ጦርነት ከመጣ ይህ ተራራ በምን ስም እንደሚታይ። ስትጨርስ የሳቀችዋ ሴት እንኳ አልሳቀችም። ልጅ ያዘሉ እናቶች ቀና ብለው ሰማዩን አዩ።

ከሁሉ ቀድሞ የተናገረው ሳሊህ ነበር። «እታለም፣ ገዳዩን አገኘሽው፣ አላህ ይስጥሽ። ግን የታችኛው ምንጭ ደርቋል፤ ክረምት አራት ወር ነው የቀረው። ብንቆፍር ይመቱናል፣ ባንቆፍር እንጠማለን። አሁን እንቆፍር ወይስ አንቆፍር?»

  ጥያቄው ሀፊሳን ከገዳዩም በላይ አንገበገባት፤ ምክንያቱም መልሱ ያለው ይህን ተራራ በእግራቸው ረግጠው በማያውቁ ሰዎች መሳቢያ ውስጥ ነው።

በማግሥቱ ከአራት መቶው ሰው ሠላሳ ስምንቱ ብቻ ወጡ። ፊት ፊት የሚሄደው ሳሊህ ነበር፤ የተገመሰውን የላይኛውን ከንፈር መጠገን ጀመረ። የአውሮፕላን ድምፅ የመሰለ ነገር በሰሙ ቁጥር ሁሉም ቀና ይላሉ፣ ከዚያ ያጎነብሳሉ። ሀፊሳ ጧቱን ከሥራ የታገደችበት ደብዳቤ ደርሷት ነበርና ሠላሳ ዘጠነኛዋ ሆና መጣች፤ ሥራው እስኪያበቃ ድረስም፣ በጾም አፏ፣ የሚፈርሙትን ሰዎች በየስማቸው እየጠራች ስትራገም ቆፈረች።